ምርቃቱ እስኪያልቅ

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸፍኗት ነበር። ሌሊት የጣለው ዝናብ ከየቆርቆሮው ጠርዝ ገና ይንጠባጠባል። ወሩ ግንቦት ነው። በግንቦት እንዲህ ያለ ጉም ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ብርድ ይሆናል ብሎ ይታለላል፤ አሳየችም ታለለች። ጆንያዎቹን ከመኪናው ሳታወርድ ቀረች።

ጆንያ ለኮንክሪት ፓምፕ ሠራተኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ፓምፑ ታች አስፋልቱ ዳር ይቆማል፤ ከእሱ ተነስቶ እየተቀጣጠለ ወደ ግንባታው የሚወጣው የብረት ቧንቧ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ብረቱ ሲግል በውስጡ የሚሄደው ኮንክሪት ውሃውን ያጣል፤ ውሃውን ሲያጣ ይነክሳል፣ ቧንቧውን ይዘጋል። ለዚህ ነው ቧንቧውን እርጥብ ጆንያ የሚያለብሱት። አሳየች ይህን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስታውሳት ሠርታዋለች። የዚያን ቀን ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ የፓምፑን ማንሻ የያዘችው እሷ ነበረች።

አሳየች ያኔ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ሲታመሙ ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ ተወች፣ ሲሻላቸው እመለሳለሁ ብላ። አልተሻላቸውም፣ እሷም አልተመለሰችም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ባሬላ ጨበጠች። ከባሬላ ወደ ብሎኬት፣ ከብሎኬት ወደ ፌሮ ማመላለስ፣ በመጨረሻ ወደ አቶ ወርቅአየሁ ፓምፕ። እዚያ ሥራዋ ቧንቧ መሸከም፣ መግጠም፣ መፍታትና ማጠብ ሆነ። አንዱ ቧንቧ ሦስት ሜትር ነው፤ ለሁለት ሰውም ይከብዳል። ጠዋት ሃያውን አውርዳ ትገጥማለች፤ ማታ ሃያውን ፈትታ ትጭናለች። ቆይቶ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ይላት ጀመር። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ «ከባድ ነገር አትሸከሚ» አለቻት። አሳየች እሺ ብላ ወጣች፤ በማግስቱ ተሸከመች።

በዚያ ሰሞን ታዲያ ዕድል የሚመስል ነገር መጣ። የፓምፑ ኦፕሬተር ሚልኬሳ ወደ አዲሱ ፓምፕ፣ ረጅም ክንድ ወዳለው መኪና፣ ሊዛወር ሆነ። ሚልኬሳ የለገጣፎ ገበሬ ልጅ ነው፤ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲቆም በበሬ ፈንታ ማሽን ያዘ። ማንሻውን ማን ይያዘው ሲባል፣ «እትዬ አሳየች ትያዘዋ። ቧንቧ ሲታመም የት እንዳመመው በመዶሻ አንኳኩታ የምታውቅ እሷ ናት። እኔንስ ማን አስተማረኝ?» አለ።

አቶ ወርቅአየሁ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አሰቡበት። «የእማማ ወለተማርያምን ሶሌታ ሳይዘጋባት ካስጨረሰች ማንሻው የእሷ ነው» አሉ። «ከተዘጋባት ግን ወደ ቧንቧዋ።»

ለአሳየች ማንሻ ማለት ቁጭ ብሎ መሥራት ማለት ነበር። ሹመት አልታያትም። ከቧንቧው ሥር የምትወጣበት አንድ ቀን ብቻ ነው የታያት።

የእማማ ወለተማርያም ቤት ያለው ከአስፋልቱ በላይ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ በሚተላለፍበት ኮረኮንች መጨረሻ ነው። አርባ ዓመት የኖሩበት ጭቃ ቤት ፈርሶ በቦታው ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየተሠራላቸው ነበር፤ የዚያን ቀን የሚሞላው ጣሪያውም ወለሉም የሚሆነው ሶሌታ ነው። ቦታው ኮንክሪት የጫነ መኪና አያስገባም። ስለዚህ ስልሳ ሜትር ቧንቧ ዳገቱን ይዞ ወጣ፤ ግቢው በር ላይ ሲደርስ በጎሚቶ፣ እንደ ክርን በታጠፈው ቧንቧ፣ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ሶሌታው ቀና አለ።

አሳየች ጀመረች። መጀመሪያ ቦያካውን፣ እንደ አጥሚት የቀጠነውን ሲሚንቶ፣ ላከችው፤ ደረቅ ቧንቧ የመጀመሪያውን ኮንክሪት ውሃ እንዳይጠጣበት። ቀጥላ ኮንክሪቱን ለቀቀችው። ፓምፑ እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ያቃስታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያቃስታል። ያ ድምፅ እኩል እስከሆነ ድረስ ሰላም ነው። የመጀመሪያው መኪና ተራገፈ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሚልኬሳ ከላይ የቧንቧውን የጎማ ጫፍ ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ «ሠርግ ነው እንዴ ዛሬ? እንዲህ እየፈሰሰ አይቼ አላውቅም» ይላል። ከሶሌታው ላይ አንዱ፣ «ሴት ስትይዘው ያፍራል፣ እኛ ስንይዘው ያምፃል» ብሎ አሳቃቸው። አሳየች አልሳቀችም። ሥራ ሳያልቅ መሳቅ ትታለች።

አምስት ሰዓት ሲል ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይዋ ጠዋቱን ሙሉ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል አንድ ጊዜ ወረደች። የቀረው አንድ ሦስተኛ ነው፤ አምስተኛው መኪና ግን አልመጣም። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆሟል ተባለ። ሚልኬሳ ሾፌሩን በስልክ ሊያገኝ፣ ካስፈለገም ሄዶ ሊያየው፣ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ምንያህል የሚባለው ፎርማን፣ ጊዜው ከሚባክን ብሎ፣ ሠራተኛውን ምሳ አስወጣ።

የሶሌታ ቀን ምሳ ከባለቤቱ ነው። በግ ይታረዳል፤ ዳስ ይጣላል፤ ባሬላ ተሸካሚውም ፎርማኑም እኩል ይቀመጣል። አሳየች ግን ከፓምፑ አልተነሳችም። ቧንቧው ኮንክሪት እንደጎረሰ ከቆመ በየአምስት ደቂቃው ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ማነቃነቅ ያስፈልጋል፤ እነሱ ይህን «ማናገር» ይሉታል። ያላናገሩት ቧንቧ ይኮርፋል። አሳየች ሁለት ጊዜ አናግራው ለሦስተኛው ስትዘጋጅ፣ እማማ ወለተማርያም በዱላ እየተደገፉ ዳገቱን ሲወርዱ አየች።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ በጉ እየበረደ ነው።»

«እኔ በኋላ እበላለሁ እማማ። ይህን ትቼ መሄድ አልችልም።»

«ምን ይሆናል? ዝም ብሏል እኮ።»

«ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

«ዝም ያለ የሚያስፈራስ ባሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ነይ ተነሺ።»

«እዚሁ ሳህን ይላኩልኝ።»

«ሳህን ለደጅ ጠኚ ነው የሚላከው። አንቺ ማዕድ ላይ ነው የምትቀመጪው።» ዱላቸውን ተክለው ቆሙ። «መሠረቱ ሲጣል አንድ ግንበኛ ቸኩያለሁ ብሎ ሳይቀምስ ሄደ። ያቆመው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ሄደሽ እዪው። ሶሌታዬን ደግሞ አንቺ ልትሰነጥቂብኝ ነው?»

«እማማ፣ እንዲያው...»

«በሞቴ። አንዲት ጉርሻ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ይህን ዳገት የወረድኩት ላንቺ ብዬ ነው። ብቻዬን ልመለስ?»

አሳየች ፓምፑን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አናገረችው። ስልኳን አወጣች፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር ነው። አምስት ደቂቃ አለኝ አለች በልቧ። አንዲት ጉርሻ ደግሞ አምስት ደቂቃ አትፈጅም። ክንዳቸውን ደግፋ ወጣች።

ጉርሻውን በእማማ እጅ ጎረሰች። ሁለተኛውንም ጎረሰች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለች። እጇን ልትጠርግና ልትነሳ ስትል፣ ጎረቤቱ አቶ ፈዬራ በትራቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ምርቃት ሊጀመር ነው።

በምርቃት መካከል ተነስቶ የሚሄድ ሰው የለም። ሬሳ ቢጠብቀው እንኳ መዳፉን ዘርግቶ ይቆያል። አሳየችም ዘረጋች። አቶ ፈዬራ በኦሮምኛ ጀመሩ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። በመሬቱ ጀምረው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ልጆቹ ሄዱ። ቤቱ እየተቀበለ ይመልሳል። አሳየች በልቧ ትቆጥራለች። አምስት ደቂቃው አለቀ። አሥር ሆነ። አቶ ፈዬራ መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሱ አበቁ ብላ ጉልበቷን ሰበሰበች።

አቶ ፈዬራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያንኑ በአማርኛ ደገሙት።

«ይህን ቤት የጀመረ ይጨርሰው።»

«አሜን።»

«ሲሚንቶው ይጥበቅ፤ ፌሮው አይዛግ።»

«አሜን።»

«መብራቱ አይጥፋ። ውሃውም ቢቀር በሳምንት ሁለቴ ይምጣ።»

እዚህ ላይ አሜን የሚለው በዛ። ያን ጊዜ ነው ሚልኬሳ ከመንገድ ተመልሶ በዳሱ በር ብቅ ያለው። ምርቃት መሆኑን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እሱም መዳፉን ዘረጋ። ከዚያ አሳየችን አያት። ዓይኑ ፈጠጠ። በአገጩ ወደ ታች፣ ወደ ፓምፑ አመለከተ፤ ማን አለ ማለቱ ነው። አሳየች ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ማንም። ሁለቱም እጃቸውን እንደ ለማኝ ዘርግተው፣ ከዳሱ ወዲህና ወዲያ ማዶ እየተያዩ፣ አሜን አሉ። በሸራው ቀዳዳ የገባች ፀሐይ የአሳየች ጫማ ላይ አርፋ ታቃጥላታለች። ራቁቱን የተዘረጋው ቧንቧ ታሰባት፣ መኪናው ላይ ታጥፈው የተቀመጡት ጆንያዎችም ታሰቧት። ያን ጊዜ እንደሚዘጋባት አወቀች።

ምርቃቱ ሲያልቅ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ሚልኬሳ ሮጠ፤ አሳየች ጉልበቷ እንደፈቀደላት ተከተለችው። ማንሻውን ጨብጣ ወደፊት ገፋችው። ፓምፑ አቃሰተ፤ የግፊቱ መርፌ ሽቅብ ወጣና ቀዩ ላይ ቆመ። ከላይ በጎማው ጫፍ ምንም አልወጣም። ወደ ኋላ ሳበችው፣ ደግማ ገፋችው። ሦስት ጊዜ። መርፌው ያው ነው።

«ይዟል» አለች።

«ይዟል» አለ ሚልኬሳ። እሱ ማንሻውን ተቀበላት፤ እሷ መዶሻዋን አንስታ ዳገቱን ያዘች።

የሚዘጋ ቧንቧ የሚፈለገው በጆሮ ነው። ነፃ የሆነው ሲመታ ይጮኻል፤ የያዘው ትራስ የመቱ ያህል ድምፁ ይታፈናል። አሳየች እያንዳንዱን ቧንቧ ጎንበስ ብላ መታች፣ አዳመጠች፣ አለፈች። አሥራ ሰባተኛው ድረስ ይጮኻል። ግቢው በር ላይ፣ ጎሚቶው ጋ ስትደርስ ድምፁ ሞተ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ሞቷል።

ፎርማኑ ምንያህል ከላይ እየተንደረደረ ወረደ። ምንያህል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሶሌታው ላይ ያለው ኮንክሪት ጠርዙ እየደረቀ፣ እሱም እየደረቀ ነበር። እጁ ላይ ትልቅ መዶሻ ይዟል።

«የት ነው? ጎሚቶው ነው? ዞር በይ፣ ማያያዣውን በአንድ ምት አወልቀዋለሁ።»

አሳየች ሄዳ ማያያዣው ላይ፣ ሁለቱን ቧንቧ ያቀፈው ብረት ላይ፣ ቁጭ አለች። ብረቱ በቀሚሷ ውስጥ አልፎ አቃጠላት።

«ተነሺ እንጂ።»

«ግፊቱ አልወረደም።»

«ሶሌታዬ ደርቆ ሊቆረጥብኝ ነው እትዬ አሳየች፣ የምን ግፊት ነው የምትይኝ?»

«ኮተቤ ላይ አንድ ሰው እንዳንተ ቸኩሎ ግፊቱ ሳይወርድ ፈታው። ጠጠሩ አንድ ዓይኑን ይዞበት ሄደ። እኔ ነኝ ፊቱን ያጠብኩት።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ሶሌታ ነገም ይሞላል። እመታለሁ ካልክ እኔን ምታና ፍታው።»

ምንያህል መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው። «አንቺ ሴት ቅዱስ ራጉኤል ይይልሽ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ሚልኬሳ፣ ሳበው» ብላ ወደ ታች ተጣራች። ፓምፑ ወደ ኋላ አቃሰተ። «ድገመው።» ደገመው። «አሁንም።» ለአራተኛ ጊዜ ሲስብ ከሥሯ ያለው ብረት የያዘውን ትንፋሽ እንደለቀቀ ሰው ላላ። «ዜሮ ገባ» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ያን ጊዜ ተነሳች፤ ሰዉን ሁሉ ወደ ጎን አስቁማ፣ ራሷም ከጎን ቆማ፣ ማያያዣውን ፈታችው። ጎሚቶው ሲወልቅ ውስጡ ያለው ኮንክሪት ዳቦ ሆኗል። በብረት ዘንግ እየወጉ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ፣ በውሃ እያጠቡ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጆንያዎቹንም ያን ጊዜ አውርደው አለበሱት።

አምስተኛው መኪና እስከዚያ መጥቶ ፀሐይ ላይ ሲዞር ቆይቷል። የጫነው ኮንክሪት ወፍሯል። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ትንሽ ውሃ እንጨምርበትና ይለፍ» አለ። አሳየች እንቢ አለች። ውሃ ሲበዛ ሲሚንቶው ይሸሻል፣ ጠጠሩ ለብቻው ይሰበሰባል፣ እዚያው ጎሚቶ ላይ ይቀረቀራል። መኪናው እንደጫነ ተመለሰ። ምንያህልም የተሞላው ባበቃበት ጣውላ ቸንክሮ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ የቀረው ለማግስቱ አደረ።

አቶ ወርቅአየሁ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ከመኪናቸው ሳይወርዱ ሁሉንም አዩት፤ የወለቀውን ጎሚቶ፣ የተቆለለውን የደረቀ ኮንክሪት፣ የቆመውን ፓምፕ። ሚልኬሳ ቀድሞ ወደ አሳየች ተጠጋና በቀስታ፣ «መኪናው ነው በይ፣ ውሃ የበዛበት ጭነት ላኩብን በይ። እኔም እመሰክራለሁ» አላት። ምንያህል ሰምቷል፤ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ እሱም አይክድባትም ነበር።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ወርቅአየሁ።

አሳየች እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ስለ እውነት ብላ አልነበረም። ውሸቱን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተሸክሞ መዞር ታያት፤ የምትሸከመው ደግሞ አላነሳትም።

«ማንሻውን ትቼ ሄጄ ነው። ሳላናግረው ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመ። ጆንያም አላለበስኩም።»

«ትተሽ የት ሄድሽ?»

እማማ ወለተማርያም በዱላቸው ተደግፈው አጠገቧ ደርሰዋል። ፊታቸው ተለዋውጧል። «እኔ...» ብለው ጀመሩ። አሳየች ክንዳቸውን ያዘች።

«እርስዎ ይግቡ እማማ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል» አለች። ወደ አቶ ወርቅአየሁ ዞራ፣ «የራሴ ጉዳይ ነበረኝ» አለች።

አቶ ወርቅአየሁ የሴት ጉዳይ መስሏቸው አቀረቀሩ፣ ሴት ልጅን በዚያ ነገር አፋጦ መጠየቅ ነውር ነውና። «ለዚያም ቢሆን ሰው ተክቶ መሄድ ነው» አሉ። «ብዬሽ ነበር አሳየች።»

«ብለውኝ ነበር።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። በማግስቱ ሚልኬሳ ማንሻውን ይዞ ሶሌታውን ጨረሱ። አሳየች የድሮውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋ፣ ቦያካ አጠጥታ፣ አዲሱ እንዲይዘው አደረገች። በሳምንቱ ሚልኬሳ ወደ አዲሱ ፓምፕ ሄደ፤ በእሱ ቦታ አዱኛ የሚባል ሰው መጣ። ጨዋ ነው፤ ቧንቧ ስታነሳ አንዳንዴ ወርዶ ያግዛታል።

እማማ ወለተማርያም አሁን ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፤ ፎቁን አከራይተውታል። ከአልጋቸው ቀና ሲሉ ጣሪያው ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ቀጭን መስመር ይታያቸዋል፤ ሶሌታው ያደረበት ነው። ቀለም ቀቢው ይሸፈን ሲላቸው እንቢ አሉ። አሳየች በሚካኤል ቀን ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ «አልተሰነጠቀም፤ ቀምሰሽ ነው» ይሏታል፤ እሷም «አዎ እማማ» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ጉም ቢኖርም ባይኖርም ጆንያውን መጀመሪያ ታወርዳለች። ቧንቧ ሲዘጋ እሷ እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ «ይፈታ» ሳትል ማያያዣ የሚነካ የለም፤ ፎርማንም ቢሆን ይጠብቃል። የሶሌታ ምሳ ሲደርስ አዱኛ ማንሻው ጋ እንዲቆይ አድርጋ ትወጣለች፤ ምርቃቱ እስኪያልቅም መዳፏን ዘርግታ ትቀመጣለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። አሳየች ዘንድሮ ሲ.ኤም.ሲ በስተጀርባ በሚሠራ ግንባታ ላይ ናት። ፓምፑ ያው የአቶ ወርቅአየሁ ፓምፕ ነው፤ ጠዋት ሃያ ቧንቧ ትገጥማለች፣ ማታ ሃያውን ፈትታ ታጥባለች።